ድንጋጤ በጠጠር ሲቆጠር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ የሽንፋ ወንዝ አዞ በቁመቴ ይዋጠኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ትምህርቴን ያቋረጥኩ መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች «እሱማ ስለ ቁንጫ ሲያወራ ዝሆን ያደርጋታል» ይላሉ። ይበሉ። ይህን ያጫወተችኝ ግን ታይቱ ፈረደ ራሷ ናት። ታይቱ ደግሞ በዕድሜዋ የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ትሰሙታላችሁ።

«መጣ! ተኙ! ተኙ!»

ፈረደ ሲጮህ ልጁ ታይቱ ውኃ የሞላ ገንቦ አዝላ ከወንዝ እየወጣች ነበር። ቀና ብላ ሰማዩን እንኳ አላየችም፤ የአባቷን ጩኸት ለምዳዋለች። ሌላው ሰው ግን አላመነታም። ማሽላ የሚቆርጡት ማጭዳቸውን ጥለው አገዳው ውስጥ ተወረወሩ። ላሞቹ በርግገው ገመዳቸውን በጠሱና አቧራ እያስነሡ ወደ ሜዳው ወጡ። የሰፈሩ አዛዥ ዳኛ ያረጋል ከነክብራቸው ዘለው የጋባ እሾህ ውስጥ በግንባራቸው ተተከሉ።

ከዚያ በላያቸው ያለፈው ነገር ታየ። የንብ መንጋ ነበር። ብዛቱ በጥላው ሥር አንድ የተጫነ አህያ እንደ ልቡ ያሳርፋል። ንቦቹ መሬት ላይ የተነጠፈውን ሰው አይተው የተገረሙ ይመስል አንዴ ዞሩና ወደ ቀርከሃው ጫካ ሄዱ።

ሰዉ ተነሣ፤ አፈሩን አራገፈ። ማንም አልሳቀም።

«በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው!»

«ትናንት ዝንብ ነበር፤ ዛሬ ንብ! ነገ ሆዱ ሲጮህ ሊያስተኛን ነው!»

«ይህን ሰው አንድ በሉልን!»

ፈረደ ከአንድ ጉቶ ሥር ተጠቅልሎ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታይቱ ቀስ ብላ ቀረበችው። ከፊት ለፊት ነው የምትቀርበው፤ ከኋላ የነካውን ሁሉ ይማታል።

ጊዜው ኅዳር ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ነው። መተማ በቦምብ ተደብድባ ነዋሪዋ ሸሽቶ፣ ከከተማዋ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ሽንፋ ዳር ማሽላ ውስጥ ተደብቋል። አውሮፕላኑ የጣሊያን ይሁን የእንግሊዝ፣ ከሥሩ የነበረ ሰው አልጠየቀም። ፈረደ በመተማ ገበያ የጥጥ ጭነት ቆጣሪ ነበር። ቦምቡ ሲወድቅ የጥጡ መጋዘን ተደረመሰበት፤ ከጧት እስከ ቀትር ከጥጡ ሥር ተቀብሮ ቆይቶ በሕይወት ወጣ። ወጣ ይባላል እንጂ፣ ታይቱ እንደምትለው፣ ግማሹ እዚያው ቀርቷል።

ዳኛ ያረጋል ከግንባራቸው እሾህ እየነቀሉ መጡ።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ፈረደን ትተው ለእሷ። «የከብቱ አቧራ ከመተማ ምሽግ ድረስ ይታያል። ጣሊያን አቧራውን አይቶ ከመጣ የሚያልቀው አባትሽ ብቻ አይደለም። ሁለት እሑድ ሰጥቼዋለሁ። በሁለተኛው እሑድ እንዲህ ከሆነ እግር ብረት ይገባል፤ አፉም ይታሰራል።»

«በሽተኛ ነው እኮ፣ ዳኛ!»

«እኛስ? በሱ ጦስ በሽተኛ ያልሆነ ማን አለ?»

ከኋላ አንድ ሰው «አፉን አሁኑኑ እሰሩት!» አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ታይቱ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየች። አብዛኞቹ በመተማ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

በዚያ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ነገር የሚኬድበት አንድ ሥር ማሽ ነበር፦ ደብተራ አዛናው። ከጎንደር ሸሽተው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በስድባቸው ወተት ያረጋሉ። ታይቱ በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሣች።

«ደብተራ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ምን አገባሽ? ታመምኩ ብልሽ እልል ልትይ ነው?»

«አባቴን እንዲያዩልኝ ነበር።»

«አባትሽ ያ ንብ አይቶ አገር የሚያስተኛው ነው? በሱ የተነሣ ቀለሜ ተደፋ!» የተደፋውን ቀለም በጣታቸው አሳዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ገብስማ ዶሮ ታመጫለሽ። ሥሩን ስምስ አትከተዪኝም፤ የተከተለኝ ዓይኑ ይጠፋል። መድኃኒቱ ከገባበት ደጅ አይወጣም፤ እናንተ ዘንድ ተሰቅሎ ይዋል። ምን እንደሆነ ብታውቂ እንኳ ስሙን አትጠሪም። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ በሽተኛውም ተመልሶ ይወድቃል።»

«ባይሠራስ?»

«ካልሠራ እናንተ አርክሳችሁታል።»

«ከሠራስ?»

«ከሠራማ እኔ ነኛ!»

ታይቱ በልቧ «በሁለቱም በኩል የሚረቱበት ሙግት» አለች፤ በአፏ ግን «እሺ» ብላ ዶሮ ፍለጋ ሄደች።

ሰኞ ዕለት መድኃኒቱ ገና ሳይጀመር አንድ ነገር አሰበች። አባቷ ገበያ ላይ ጭነት የሚቆጥረው በጠጠር ነበር፤ አንድ ጭነት ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ይጥላል። ታይቱም ባዶ ቅል አመጣችና አባቷ በደነገጠ ቁጥር፣ በጮኸ ወይም ጭንቅላቱን በያዘ ቁጥር፣ አንድ ጠጠር ጣለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ገልብጣ ቆጠረችው። ሃያ አንድ።

ማክሰኞ ጧት ደብተራ አዛናው የተወቀጠ ሥር በኮሮጆ ይዘው መጡ። ከፍም ላይ ነሰነሱት። ፈረደ ነጠላውን ተከናንቦ ጭሱ ላይ አጎነበሰ። ሽማግሌው ጭሱ እስኪያልቅ ከጎኑ አልተነሡም፤ በጉሮሯቸው አንድ ነገር ያነበንባሉ፣ መሐል ላይ ደግሞ ይቆጡታል።

«ንገረኝ እንጂ አንተ ግንድ! ከጥጡ ሥር ምን ሰማህ?»

ፈረደ ነጠላውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ተከናነበ።

ፊት ለፊት ካለው ዳስ ሐቢባ ብቅ አለች። በመተማ ገበያ ሽቶና ቅመም ትሸጥ የነበረች፣ ምላሷ ከቃሪያዋ የባሰ ሴት ናት።

«ያ ሰላም! ፍየል የተፋውን ለሰው ያጨሳሉ!»

ደብተራው ዘወር ሳይሉ «አንቺስ ልጅሽን እንደ ቋንጣ ጭስ ላይ ሰቅለሽ ምን አተረፍሽ?» አሉ።

ሐቢባ ዳሷ ውስጥ ተመልሳ ገባች። ልጇ መስቱራ የአራት ወር ሕፃን አላት። ቦምቡ ከወደቀ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፤ ጡቷ ደርቋል፤ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። እናቷ በሱዳኖች ልማድ ጠለህ በሚሉት የግራር እንጨት ጭስ በየቀኑ ብታጥናትም ለውጥ የለም። ደብተራው ይህን ያውቃሉ። አውቀው ነው የተናገሩት።

በዚያ ቀን ቅሉ ውስጥ ዐሥራ ሰባት ጠጠር ነበር። ረቡዕ ዐሥራ ሁለት። ሐሙስ ፈረደ ከጭሱ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ጥጡ ይመታ ነበር» አለ። «ዱብ፣ ዱብ ይል ነበር። የራሴ ልብ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ደደብ!» አሉ ደብተራው፤ ግን እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። የሐሙስ ጠጠር ስምንት ሆነ።

ታይቱ መደሰት ነበረባት። ያን ዕለት ግን ደብተራው ሲወጡ «የኅዳር ሚካኤልን እዚሁ ውዬ ወደ ቋራ እሄዳለሁ፤ እዚህ ካላችሁት አህዮች ጋር አልከርምም» አሉ። መድኃኒቱን ለማን ትተው እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው «ለመቃብሬ» አሏት።

ዓርብ ገና ሲነጋ ተከተለቻቸው። ሽማግሌው ሩቅ አልሄዱም። ጫካ አልገቡም፤ ተራራ አልወጡም። ከሰፈሩ ጀርባ አመድ የሚደፋበት ጥግ ሄደው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተንበረከኩና ማስ ጀመሩ። ታይቱ ቁጥቋጦውን ታውቀዋለች። ማን የማያውቀው አለ? ቀይ ፍሬው በስስ ከረጢት ተሸፍኖ የሚንጠለጠል፣ ፍየል እንኳ የማይነካው፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ነገር ነው። ስሙን እኔም አልጠራውም፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ዓይኗ ይጠፋ እንደሆን ፈርታ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ስታርገበግበው ቆየች። ሳይጠፋ ሲቀር ንዴቷ መጣ። ለአመድ መድፊያ ቁጥቋጦ ገብስማ ዶሮ! ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ሽማግሌው በቅርቡ ይሄዳሉ። አባቷን የሚያሽለው ሥሩ ከሆነ፣ እሷም ልትምሰው ትችላለች። የሚያሽለው የሽማግሌው መቀመጥና ማነብነብ ከሆነ ግን ሲሄዱ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። የትኛው ነው?

ማንንም ሳታማክር ኮሮጆውን ከተሰቀለበት አወረደች። ያለውን ዱቄት ወደ ሌላ ጨርቅ ገለበጠችና በምትኩ የማሽላ ሥር ወቅጣ ሞላችው። ቀለሙ አንድ ነው። ጭሱም ያው ጭስ ነው።

በዚያ ጧት ደብተራው እንደ ልማዳቸው አጨሱ፤ አነበነቡ፤ ሰደቡ። ዘጠኝ ጠጠር። «እንግዲያው ሥሩ ምንም አይደለም» አለች ታይቱ፤ ዶሮዋ አሳዘነቻት። ቅዳሜ ግን ዐሥራ ሦስት ሆነ። ደብተራው ቅሉን አይተው ዓይኗን አዩ።

«ኮሮጆውን ነክተሻል?»

«አልነካሁም» አለች። ያ ነው ያ ብቸኛ ውሸቷ።

እሑድ አንዲት ሴት የማሽላ ነዶ መሬት ላይ ጣለች። ፈረደ በድምፁ በርግጎ ሮጠና ከጋባው እሾህ ጋር ተላተመ። ታይቱ ልታስነሣው ስትጠጋ በክርኑ አፏን መታት። ደም ከከንፈሯ እየወረደ፣ ደም ከፊቱ እየወረደ፣ ተፋጠጡ። ቀስ በቀስ ማንነቷ ታወቀው።

«እኔ ነኝ?» አለ። «ታይቱ፣ እኔ ነኝ የመታሁሽ?»

የጠጠሩ ቁጥር ዐሥራ ስምንት ደረሰ። ዳኛ ያረጋል አልፈው ሲሄዱ ሰከን ብለው አዩና «አንድ እሑድ ቀረው» አሉ። እግር ብረቱን እንዲያዘጋጁ አስቀድመው ሰው ልከው ነበር።

ታይቱ ወደ ደብተራው ዳስ ሮጠች። እጅ አልነሣችም።

«ስሙን ጠርተሻል!» ብለው ጮኹ ገና ሲያይዋት። «አርክሰሽዋል!»

«ስሙን አልጠራሁም። ለወጥኩት። ሦስት ቀን ሙሉ የማሽላ ሥር ነው ያጨሱት።»

ሽማግሌው በትራቸውን አነሡ። ታይቱ አልሸሸችም። በትሩ ከላይ ቀረ።

«ስንት ነበር?» አሉ።

«ምኑ?»

«ጠጠሩ ነዋ፣ አንቺ ደንቆሮ! በሥሩ ስንት፣ በማሽላው ስንት?»

ነገረቻቸው። ሃያ አንድ፣ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ስምንት። ከዚያ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ስምንት። እንደገና አስደገሟት። በትሩን አውርደው ተቀመጡ።

«አርባ ዓመት ስሰጥ» አሉ በዝግታ፣ «የዳነውም ያልዳነውም ቆጥሮልኝ አያውቅም። እኔም ራሴ...» ቀና ብለው አዩዋት። «ማሽላው በአንድ ቀን ለምን አልጣለውም?»

«እርስዎ ስለተቀመጡ ይሆናል። ወይም የሐሙሱ ጭስ ገና አልለቀቀው ይሆናል። አላውቅም።»

«አላውቅም!» አሏት እየኮረጇት። «የሰው አባት ላይ ትጫወቺና አላውቅም! ውሻ ነሽ። ሂጂ፣ እውነተኛውን ኮሮጆው ውስጥ መልሺ። ነገ በጧት እመጣለሁ።»

መጡም። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን አላጎደሉም፤ የኅዳር ሚካኤል አልፎም ስለ ቋራ አላነሡም። ስድቡም አልጎደለም።

በሁለተኛው እሑድ ሰፈሩ ሁሉ ከትልቁ ሮቃ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እግር ብረቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ዳኛ ያረጋል ፈረደን ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ እንዲቀመጥ አዘዙ። ከጣሊያን የወደቀ የቤንዚን ቆርቆሮ ከኋላው ተቀመጠ።

«ምቱት!»

ቆርቆሮው አገሳ። የፈረደ ጣቶች የታይቱን ክንድ ጨመቁ፤ ላቡ በአገጩ ወረደ። አልጮኸም።

«አልሰማም ይሆናል፤ በጆሮው ሥር ምቱት!» አለ አንዱ።

«እንደገና! ጠንከር አድርጉት!»

መቱት። ፈረደ በጉልበቱ ተንበረከከ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ታይቱ ጆሮዋን አስጠጋች። «ቆርቆሮ ነው» ይላል። «ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ነው።»

ዳኛው የቅዳሜውን ቅል ተቀብለው ገለበጡት። ሦስት ጠጠር ወጣ። ሃያ አንድ የነበረው ሰው! ዳኛ ያረጋል እግር ብረቱን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። እሰይ ያለ ሰው አልነበረም፤ ጥቂቶቹ እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

በዚህ መሐል ሐቢባ ሰዉን ጥሳ ወጣች። ደብተራው ፊት ቆመች።

«ስሙን ተናገር።»

«ለማን?»

«ለልጄ። ወላሂ፣ ለልጄ። ሕፃኗ በፍየል ወተት እየከሳች ነው።»

«ፍየል የተፋው ነው አላልሽም? ሂጂና ከፍየል ለቅመሽ ስጫት! ስሙ ከተጠራ ይረክሳል። እሷ ሳትድን ይኸኛውም ይወድቃል።»

ሐቢባ ረገመቻቸው፤ በዐረብኛም በአማርኛም ረገመቻቸው። ሰዉ ተከፈለ፤ ግማሹ በደብተራው፣ ግማሹ በሐቢባ ላይ ጮኸ። ዳኛው እጃቸውን አንሥተው ወደ ታይቱ ዞሩ።

«አንቺ ተከትለሽ አይተሻል ይባላል። ተናገሪ።»

ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ዐረፈ። ፈረደ ክንዷን አልለቀቀም።

«አትጥሪው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ፣ አትጥሪው። ከረከሰ ተመልሼ ከጥጡ ሥር ነኝ።»

ታይቱ ስም ሥርን እንደማያረክስ ታምናለች፤ ወይም ልታምን ምንም አልቀራትም። አባቷ ግን አያምንም። ስሙ በጆሮው ከገባ ነገ ጧት ጭሱ ምን ያደርግለታል? ያንን በጠጠር አልቆጠረችውም። ልትቆጥረውም አትፈልግም። ከሰዉ ትከሻ ባሻገር መስቱራ ዳሱ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ከጩኸቱ የተነሣ ሁለት ጆሮዋን ይዛለች።

«ተናገሪ እንጂ!» አሉ ዳኛው።

ታይቱ የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከክንዷ አላቀቀች። ዶማ አነሣች። በቀትር ፀሐይ፣ ሁሉም እያያት፣ ወደ አመድ መድፊያው ሄደች። ተንበርክካ ማሰች። ቁጥቋጦውን ከነቅጠሉ፣ ከነፍሬው፣ ከነሥሩ ነቀለችና በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ በሰዉ መሐል ይዛው አለፈች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንዱ።

ታይቱ ሐቢባ ደጅ አኖረችው።

«አንቺ ውሻ!» ደብተራው በበትራቸው መሬቱን መቱ።

«ስሙን አልጠራሁም» አለች ታይቱ።

አፋቸውን ከፈቱ፤ ስድብ አልወጣም። ሐቢባን እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረው «ሥሩን በጥላ አድርቁት!» ብለው ጮኹ። «ፀሐይ ካየው ገለባ ነው!» ከዚያ እያጉረመረሙ ሄዱ።

ታይቱ ባዶውን ቅል ለሐቢባ ሰጠቻት።

«ዛሬ ምንም ሳትሰጧት ቁጠሩ። ጆሮዋን በያዘች ቁጥር አንድ ጠጠር።»

«ከነገስ ጀምሮ?»

«ከነገ ጀምሮም ቁጠሩ።»

ጭሱ የሚጀመረው ሥሩ ሲደርቅ ነው። መቀመጥ ግን ዛሬም ይቻላል። ታይቱ ዶማዋን አስደግፋ ከመስቱራ ጎን፣ ከፊት ለፊት በምትታይበት በኩል፣ ተቀመጠች።

ታሪኩ ይህ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬበታለሁ። በመጨረሻው እሑድ ከቅሉ ሦስት ጠጠር ወጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ለወሬ ስለሚጥም ነው። ታይቱ ያለችኝ አምስት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥራ።